ትሪ ላይ የበቀለ ሽበት

(የአንድ ፎቅ ቤት ጠባብ በረንዳ። ጡረታ የወጣ መምህር፣ ሰፈሩ «ሊቁ» የሚለው፣ በጨርቅ የተሸፈነ የዳቦ መጋገሪያ ትሪ ፊት አጉሊ መነጽር ይዞ ቆሟል። የሚስቱ ወንድም ግንበኛው፣ ሲሚንቶ የነካው ቱታውን እንደለበሰ፣ ጨርቁን ሊገልጥ እጁን ይሰዳል።)

ሊቁ፦ አትንካው አልኩ።

ግንበኛው፦ ሽበት ነው እኮ ጋሼ። የድንጋይ ሽበት።

ሊቁ፦ ሽበትማ ብዙ ዓይነት ነው። ይሄኛው ብሪዩም አርጀንቲየም ይባላል።

ግንበኛው፦ ስሙ ከቁመቱ ይረዝማል። በምን ለየኸው?

ሊቁ፦ በመነጽር ነዋ። የቅጠሉ ጫፍ ነጣ ብሎ ብር ይመስላል። ከመሀል ቀጭን ዘንግ ያወጣና ጫፉ ላይ እንደ ጉትቻ የተንጠለጠለች ከረጢት ይይዛል። በየድንጋይ ንጣፉ ስንጥቅ ሞልቷል፤ ሰው ይረግጠዋል እንጂ አያየውም።

ግንበኛው፦ አበባውስ?

ሊቁ፦ አበባ የለውም።

ግንበኛው፦ ፍሬ?

ሊቁ፦ ፍሬም የለው፣ እውነተኛ ሥርም የለው።

ግንበኛው፦ ይበላል?

ሊቁ፦ አይበላም አንተ ሰውዬ።

ግንበኛው፦ ታዲያ ሦስት ወር ሙሉ የምትጠብቀው ምኑን ነው?

ሊቁ፦ አረንጓዴነቱን። የእንግዳ ማረፊያዋ ባለቤት የግቢዋን ድንጋይ በሙሉ በዚህ ማልበስ ትፈልጋለች። ዛሬ ከሰዓት ትደውላለች፣ ከዚያ መጥታ ታየዋለች። ከወደደችው ሥራው የኔ ነው።

ግንበኛው፦ እህቴ ግን «ላም አለኝ በሰማይ» ነው የምትለው።

ሊቁ፦ እሷማ ጠዋት ቁርጤን ነግራኛለች። ዛሬ ካልተሳካ ትሪዋን አጥባ ትወስዳለች፣ እኔ ደግሞ ከሰኞ ጀምሮ ሱቋ ውስጥ ካርቶን ስከምር እውላለሁ። ሠላሳ ዓመት አስተምሬ ካርቶን። እንቅልፍ አጥቻለሁ እኮ።

ግንበኛው፦ አይዞህ ጋሼ። እንዴት አበቀልከው ግን?

ሊቁ፦ ከመንገድ ዳር ፍቄ አመጣሁ፣ በጣቴ ፈረፈርኩት፣ እርጥብ አፈር ላይ በትኜ በመዳፌ ጫን አደረግሁት። ጥላ ውስጥ አስቀምጬ ጠዋት ማታ ውሃ እረጭለት ነበር። በወሩ ለመለመ።

ግንበኛው፦ ጎበዝ። ከዚያስ?

ሊቁ፦ ከዚያማ አሳደግኩት። ፍግ ጨመርኩለት፣ ፀሐይ ላይ አወጣሁት። ከሳምንት ወዲህ ደግሞ ውሃ ከለከልኩት።

ግንበኛው፦ ምን አጠፋ?

ሊቁ፦ ምንም። ጠንካራ እንዲሆን ነው። ተቀማጥሎ ያደገ ነገር ዕድሜ የለውም። እስቲ አሁን እየው።

(ጨርቁን በኩራት ይገልጣል። ትሪው ላይ ያለው ሁሉ ቡናማ ሆኖ ተጨማዷል።)

ግንበኛው፦ ጋሼ፣ አረንጓዴው የቱ ጋ ነው?

ሊቁ፦ (ወንበር ላይ ዘፍ ብሎ) ሞቷል። አዬ ጉዴ። በገዛ እጄ ገደልኩት።

ግንበኛው፦ እስቲ በመነጽሩ...

ሊቁ፦ ለሬሳ መነጽር ምን ያደርጋል። ውሰደው፣ ሴትየዋ ሳትመጣ ድፋልኝ። ዓይኔ አይየው።

(ግንበኛው ትሪውን በረንዳው ጥግ ወስዶ የልብስ መዘፍዘፊያው ውስጥ ይነክረዋል።)

ሊቁ፦ ምን ታደርጋለህ? የሞተ ታጥባለህ?

ግንበኛው፦ የእህቴ ትሪ ነው፣ አፈሩ ተጣብቋል። ርሶ ይልቀቅ ብዬ ነው።

ሊቁ፦ እሷም አንተም የምታስቡት ለትሪው ነው።

(ሊቁ ፊቱን በእጁ ሸፍኖ ይቀመጣል። ጥቂት ደቂቃ ያልፋል።)

ግንበኛው፦ ጋሼ። ሬሳህ ተነስቷል።

ሊቁ፦ አትቀልድብኝ።

ግንበኛው፦ እየው እንጂ።

(ሊቁ ተነስቶ ያጎነብሳል። ሽበቱ ተዘርግቶ ለምልሟል።)

ሊቁ፦ ይሄ... ይሄ ሊሆን አይችልም።

ግንበኛው፦ ደረቀ እንጂ መች ሞተ። ግንብ ላይም በጋ ሲሆን እንዲህ ይጨማደዳል፣ ዝናብ ሲነካው ይነሳል። ሃያ ዓመት በሽቦ ብሩሽ ስፍቀው ኖሬያለሁ፣ አንድም ቀን ሞቶልኝ አያውቅም።

ሊቁ፦ ለምን ቀድመህ አልነገርከኝም?

ግንበኛው፦ ብሪዩም ምናምን ስትለኝ ሌላ መሰለኝ።

(የሊቁ ስልክ ይጠራል። ቁጥሩን አይቶ ስልኩን ለግንበኛው ይዘረጋል።)

ሊቁ፦ እሷ ናት። አንተ አንሳው፣ ድምፄ ከድቶኛል። ወኪሉ ነኝ በላት።

(ግንበኛው ስልኩን ይዞ ወደ ውስጥ ይገባል። ሊቁ ኮቱን ያራግፋል፣ ፀጉሩን ያስተካክላል። ግንበኛው ይመለሳል።)

ሊቁ፦ እህስ? መቼ ትመጣለች?

ግንበኛው፦ ማየትም አላስፈለጋት። አንድ ነገር ብቻ ጠየቀችኝ፣ በበጋ የደረቀ እንደሆነ ምን ይደረጋል አለች። ፍግ አያስነኩት፣ ጥላ ይስጡት፣ ውሃ ረጨት ያድርጉበት፣ ሲደርቅም አይደንግጡ አልኳት። ሰኞ ሥራ ይጀመር ብላለች።

ሊቁ፦ ተመስገን። ካርቶን ቀረልኝ ማለት ነው። ሰኞ በስንት ሰዓት ልገኝ?

ግንበኛው፦ እሱማ... ሰኞ ና ያለችው እኔን ነው።

ሊቁ፦ (ድምፁ ዝቅ ብሎ) እኔስ? የለፋሁት እኔ አይደለሁም?

ግንበኛው፦ አንተን እንዴት እረሳለሁ ጋሼ። መግቢያዋ ደረጃ ላይ የበቀለው ሽበት እንግዳ እያንሸራተተባት ነው፤ ድራሹ እንዲጠፋ ትፈልጋለች። ለዚህ የሚሆን ሰው አለኝ ብዬ አስያዝኩልህ።

ሊቁ፦ እኔ ማጥፋት የት አውቃለሁ?

ግንበኛው፦ ምንም አትጨነቅ። ልክ ይሄኛውን እንደተንከባከብከው ተንከባከበው።