አያ ክንዱ በሕይወት ስለመኖራቸውና የእድሩ ድረ ገጽ በር ተከፍቶ ስለመገኘቱ

የዋርካ ሥር እድር አስተዳደር ኮሚቴ አስቸኳይ ስብሰባ

ቀን፦ እሑድ ኅዳር 14 ቀን 2018 ዓ.ም.፣ የጾመ ነቢያት ቅበላ፣ ከቅዳሴ መልስ
ቦታ፦ ጎንደር፣ የእድሩ ዕቃ ቤት፣ በድንኳኑና በድስቶቹ መካከል
የተገኙ፦ አያ ክንዱ (የእድሩ ዳኛ፣ ሰብሳቢ)፣ መሪጌታ ዕንባቆም (ምክትል)፣ ወይዘሮ የትነበርሽ (ዕቃ ቤት ጠባቂ)፣ አቶ አወቀ (ጥሩምባ ነፊ)፣ ትዕግስት (የድረ ገጽ ኃላፊ)፣ ወልደ ገብርኤል (ጸሐፊ)
ምልዓተ ጉባኤ፦ ስድስቱም አባላት ተገኝተዋል። ሆኖም አያ ክንዱ ባለፈው ረቡዕ ማረፋቸው በእድሩ ድረ ገጽ ስለተነገረ፣ ስድስት ነን ወይስ አምስት የሚለው ወደ አጀንዳ አንድ ተላልፏል።

አጀንዳ 1፦ ስለ አያ ክንዱ በሕይወት መኖር

ሰብሳቢው በሕይወት መኖራቸውን በቃል አስረድተዋል። ወይዘሮ የትነበርሽ ማስታወቂያውን በስልካቸው አይተው ከዋርካው ሥር ድንኳን ማስተከላቸውን ገልጸዋል። አያ ክንዱም ከዛሪማ ገበያ ሲመለሱ ድንኳኑን አይተው እንደ ደንቡ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው መግባታቸውን፣ ማልቀሳቸውን፣ ንፍሮ መዝገናቸውን፣ ከዚያ በኋላም አጠገባቸው የተቀመጠውን ሰው "ለመሆኑ ማን ነው የሞተው?" ብለው መጠየቃቸውን አልካዱም። ሁሉም አንገቱን ደፍቶ ስለነበር ያወቃቸው አልነበረም።

ወይዘሮ የትነበርሽ "ምነው ሳይጠይቁ አለቀሱ?" ቢሏቸው፣ "ለቅሶ ቤት ገብቶ ቀድሞ የሚጠይቅ ባለጌ ነው" ሲሉ መልሰዋል።

አቶ አወቀ በበኩላቸው፣ ሞት በጥሩምባ ይለፈፍ በነበረበት ዘመን አንድም ሰው በስሕተት ሞቶ እንደማያውቅ እንዲመዘገብላቸው ጠይቀዋል። ተመዝግቧል።

ከረዥም ውይይት በኋላ አያ ክንዱ በሕይወት እንዳሉ በአብላጫ ድምፅ ተወስኗል። አቶ አወቀ ድምፅ ከመስጠት ተቆጥበዋል።

አጀንዳ 2፦ ስለ ድረ ገጹ በር

ትዕግስት ማስታወቂያውን የለጠፈው የእድሩን የይለፍ ቃል የሰረቀ ሰው መሆኑን ገለጸች። የሙታን መታሰቢያ ገጽ ላይ "ፎቶ አሳይ" የምትባል ፕለጊን፣ ማለትም በድረ ገጹ ላይ የምትለጠፍ አነስተኛ ፕሮግራም፣ ተጨምራለች። ሥራዋ ከፎቶው ክፍል የተጠየቀችውን ፎቶ ማምጣት ብቻ ነበር። ዳሩ ግን አድራሻው ላይ ሁለት ነጥብና አንድ እዝባር (../) የጻፈ ሁሉ "አንድ ክፍል ወደ ኋላ ተመለሺ" ያላት ያህል ነው፤ ደጋግሞ ከጻፈላት እየተመለሰች ሄዳ የይለፍ ቃሉ ያለበትን ፋይል ሳይቀር ታስረክበዋለች።

አያ ክንዱ አልገባኝም አሉ። መሪጌታ ዕንባቆም "ቅኔ ማኅሌት ላይ እንዲቆም የተፈቀደለት ሰው ቅድስትን አልፎ መቅደስ ገባ ማለት ነው፤ ያውም ከነጫማው" ብለው ሲያስረዱ ሁሉም በአንድ ጊዜ ገባቸው። ወይዘሮ የትነበርሽ አማተቡ።

አያ ክንዱ ሁለት ነጥብ በጎንደር ከተማ እንዳይጻፍ እንዲከለከል ሐሳብ አቀረቡ። ትዕግስት ሌባው ጎንደር ላይኖር እንደሚችል ስታስረዳ፣ "እንግዲያው ደብረ ታቦርም ይጨመር" ብለዋል። አቶ አወቀ እሳቸው ጥሩምባ ይዘው በሩ ላይ እንዲቆሙ ጠየቁ፤ የትኛው በር ላይ ሲባሉ "አሳዩኝና እቆማለሁ" አሉ።

ትዕግስት ፕለጊኗ እንድትነሣና የይለፍ ቃሉ እንዲቀየር ጠየቀች። የሠሯት ሰዎች እስካሁን አልጠገኗትም፤ ካልተነሣች አዲሱም ቃል ይሰረቃል፣ ነገ ደግሞ ሌላ ሰው ይሞታል። ፎቶዎቹን ገልብጣ ታስቀራለች፤ ከፎቶዎቹ ሥር ሰው የጻፈው ግን ከፕለጊኗ ጋር ይጠፋል።

አያ ክንዱ ተቃወሙ። እሳቸው ሞቱ በተባለ ጊዜ ከፎቷቸው ሥር ሸጋ ሸጋ ነገር እንደተጻፈላቸው፣ ገና አንብበው እንዳልጨረሱ፣ በቁማቸው ሳሉም እንዲህ ያላቸው ሰው እንደሌለ ተናገሩ።

እዚህ ላይ ጸሐፊው ሊመዘግበው የሚገባ ነገር አለ። በዚያው ገጽ የባለቤቱ የወለተሩፋኤል ፎቶ አለ። ከሥሩ ጎረቤቱም ዘመዱም "ነፍስ ይማር" ብሎ ጽፏል፤ አንዷ "የጎመን ዘር ሰጥታኝ ነበር" ብላለች። ጸሐፊው ከኪዳን ሲመለስ ያነበዋል።

ድምፅ ሲሰጥ ትዕግስት፣ አቶ አወቀና ወይዘሮ የትነበርሽ ትነሣ አሉ። አያ ክንዱና መሪጌታ ትቆይ አሉ። ጸሐፊው ከሁለቱ ጋር እጁን አወጣ። ምክንያቱን የጠየቀው የለም። ሦስት ለሦስት ስለሆነ ሰብሳቢው ያሉበት ወገን ጸና።

መሪጌታ በምትኩ፣ የብራና መጽሐፍ ከሌባ የሚጠበቀው በግዝት እንደሆነ አስታውሰው፣ በይለፍ ቃሉ ፋይል ራስ ላይ "ይህን የሰረቀ ወይም የፋቀ በሥልጣነ ጴጥሮስ ወጳውሎስ የተገዘተ ይሁን" ተብሎ እንዲጻፍ ጠየቁ። ትዕግስት "የኔታ፣ እዚያ ፋይል ራስ ላይ እንግዳ ቃል አይገባም" ብትል፣ "ልጄ፣ ግዝት የት አገር ነው እንግዳ የሆነው?" አሏት።

ከረዥም ውይይት በኋላ ግዝቱ እንዲጻፍ ተወስኖ እዚያው ተጽፏል።

አጀንዳ 3፦ ወዲያው ስለተደወሉ ስልኮች

ትዕግስት እንደፈራችው፣ በዚያ ፋይል ራስ ላይ የገባ እንግዳ ቃል በየገጹ ስለሚወጣ፣ ግዝቱ በፋይሉ ውስጥ አልቆየም፤ ድረ ገጹን በከፈተ ሰው ሁሉ ስልክ ላይ፣ በገጹ ሁሉ ራስ፣ በጉልህ ወጣ። መጀመሪያ የደወሉት ከመካነ ብርሃን የአያ ክንዱ ታላቅ እህት ወይዘሮ እናኑ ናቸው። ድምፃቸው ለጉባኤው በሙሉ ተሰምቷል፦ "አንተ ክንዱ! ሞተ ብለውኝ ሳለቅስልህ ሰነበትሁ፤ ደሞ አሁን ትገዝተኛለህ? ምነው፣ ሞተህም አታርፍም?"

አያ ክንዱ ራሳቸው የተጻፈላቸውን ሊያነቡ ከፍተው መገዘታቸውን አስታወቁ። መሪጌታ ግዝቱን እንዲፈቱ ቢጠየቁ፣ መፍታት የካህን ሥልጣን እንደሆነና እሳቸው ቅስና እንደሌላቸው ገለጹ። "ታዲያ ማሰሩን ማን ፈቀደልዎ?" የሚል ጥያቄ ከወይዘሮ የትነበርሽ ቀርቧል።

ስልኩ አላባራም፤ የቅበላው ወጥም በየቤቱ እየቀዘቀዘ መሆኑ ተነሣ። ስለዚህ በዛሬው ስብሰባ የተወሰነው በሙሉ እንዳልተወሰነ እንዲቆጠር በሙሉ ድምፅ ተወስኗል። ይህ ውሳኔ አያ ክንዱን ወደ ረቡዕ እንደሚመልሳቸው ትዕግስት ብታሳስብም፣ ሰብሳቢው "እሱ ከምሳ በኋላ ይታያል" ብለው ከቀኑ 7፡15 ላይ ተነሥተዋል።

ከዚህ በታች ያለው ከጉባኤው በኋላ የሆነ ነው፤ መጻፉ ሥርዓት እንዳልሆነ ጸሐፊው ያውቃል። ትዕግስት ግዝቱን ከፋይሉ አወጣች፤ ፎቶዎቹን ገለበጠች፤ አዲስ የይለፍ ቃልም አሰናዳች። "አያ ወልደ ገብርኤል፣ እንግዲህስ?" አለችው። ሁሉ ከተሻረ ጸሐፊው ያወጣው እጅም ወርዷል ማለት ነው። ሟችን የሚያስብ እግዚአብሔር ገጽ ገልጦ እንደማያነብ ጸሐፊው ከልጅነቱ ተምሯል፤ እጁ ግን ይህን ዘግይቶ ነው የሰማው። በሰው ቤት የሐሰት ለቅሶ እየገባ የእሱ ሐዘን ብቻ ሊጠበቅለት አይገባም። ሰዎቹ ለወለተሩፋኤል የጻፉላትን አንድ በአንድ ድምፁን ከፍ አድርጎ አነበበ። ትዕግስት ፕለጊኗን የሚያጠፋውን ቁልፍ ልትነካው ስትል "ተይው፣ እኔ ልንካው" አላት፤ "አጥፋ" የሚለውንም ነካው።