ጋሼ ዘውዴ እሺ ያሉት ጊታር

ዕቃ አሠርታችሁ የምታውቁ ትረዱልኛላችሁ። ያገራችን ባለሙያ ቢከራከራችሁ ደግ ነው፤ ቢቆጣም ግድ የለም፤ «አይሆንም፣ ሂድና ሌላ ፈልግ» ብሎ ካባረራችሁማ ዕድለኞች ናችሁ። ክፉው ቀን «እሺ» ያላችሁ ቀን ነው። ልብስ ሰፊው እሺ ብሎ ሱሪውን ለእሱ ባማረው ቁመት ይቆርጠዋል። ግንበኛው እሺ ብሎ መስኮቱን ነፋስ በማይመታው በኩል ያወጣዋል። አይዋሽም እኮ! የሙያውን ነገር ከእናንተ ጋር መከራከር ስለማይፈልግ ብቻ ነው። ባለሙያው ሸምገል ያለ እንደሆነ ደግሞ እሺታው እንደ ምርቃት ለስላሳ ስለሚሆን አመስግናችሁ ትወጣላችሁ።

እኔም አመስግኜ ነው የወጣሁት።

ያኔ ሃያ ዓመት አልሞላኝም። ከሰባተኛ ክፍል በገዛ ፈቃዴ ወጥቻለሁ፤ መምህራኑም አልለመኑኝም። ደብረ ብርሃን ደግሞ ብርዷ ሥራ ፈት ሰው አያስቀምጥም፤ ወይ ትንቀሳቀሳላችሁ ወይ ትደርቃላችሁ። ስለዚህ የጭነት መኪና ረዳት ሆንኩ። ታዲያ አንድ ቀን አዲስ አበባ ዕቃ አራግፈን ስንመለስ፣ በአንድ ሆቴል መስኮት በኩል ያንን ጉድ አየሁት። እንደ መክተፊያ የሳሳ ጣውላ በአንድ ልጅ አንገት ላይ ተንጠልጥሎ መንገዱን ሁሉ ያናውጠዋል። የኤሌክትሪክ ጊታር ነው አሉኝ። ሾፌሩ ክላክስ ነፍቶ ነፍቶ ሲሰለቸው መጥቶ በጆሮዬ ጎትቶ ወሰደኝ። ጆሮዬ ግን እዚያው ቀረ።

ያን ሰሞን ደብረ ብርሃን አንድ ባለ ቡና ቤት የድምፅ ማጉያ አስመጥቶ ለቅዳሜ ቅዳሜ ሙዚቀኞች ያሰባስብ ነበር። ከበሮ መቺ አለው፣ አኮርዲዮን አለው። የቆየ፣ ያለ ኤሌክትሪክ የሚጮህ የሳጥን ጊታር ተውሼ ስሞካክር ሰምቶኝ «ባለ ኤሌክትሪኩን ይዘህ ና፣ ቦታው ያንተ ነው» አለኝ። በሕይወቴ «ቦታው ያንተ ነው» የተባልኩት ያን ቀን ብቻ ነው። አዲስ አበባ አንድ ራዲዮ ጠጋኝ ዘንድ መኪና የጨፈለቀው ጊታር ነበር፤ ለምኜ፣ ደጅ ጠንቼ፣ ከክሮቹ ሥር የምትቀመጠውን ማግኔት፣ መቃኛዎቹንና ክሮቹን ወሰድኩ። ነፍሱ ተገኘ። ሥጋው ቀረ።

እንጨት እንደ ሚስት ነው ይላሉ፣ ዘሩ ይጠየቃል። እኔም ጠየቅሁ። ባሕር ዛፍ እንደኔው ነው፤ ቶሎ ይረዝማል፣ ቶሎ ይጣመማል። ጥድ ሽታው ደስ ይላል፣ ሚስማር ሲያይ ግን ይሰነጠቃል። ወይራ ጠንካራ ነው፤ ለአንገቱ ይሁን፣ ለገላው ከሆነ ግን ትከሻ ይገነጥላል። «ዋንዛ ነው እንጂ!» አሉኝ። «የደረቀ ዋንዛ ያለው ደግሞ አንኮበር፣ ጋሼ ዘውዴ ቤት ነው።»

ጋሼ ዘውዴ የክርስትና አባቴ ናቸው። ሥራቸው የቤተ ክርስቲያን ከበሮና በገና መሥራት ነው፤ ክራር በእጃቸው አይነኩም። ስዕሉን በሲጋራ ፓኮ ጀርባ ላይ ስዬ ወሰድኩላቸው። ገልብጠው ገልብጠው አዩት።

«ይኼ ዘፈን ነው ጸሎት?»

«እንደ ያዡ ነው፣ ጋሼ።»

«አንተ የነገር ልጅ!» ብለው ሳቁ። ከዚያ ከምድጃው በላይ ዓመታት ጭስ ሲጠጣ የኖረ፣ የጠቆረ የዋንዛ ጉማጅ አወረዱ። ከቆላ በበቅሎ ያስመጡት፣ በእርጅናቸው ለራሳቸው በገና ሊሠሩበት ያኖሩት ነው። በጣታቸው አንጓ ቆርቆር አደረጉና ጆሯቸውን አስጠጉ፤ ብዙ ሰሙት። «ግማሹ ያንተ ይሁን» አሉኝ። እንደገና ስዕሉን አዩ።

«ሆዱ የታለ?»

«ሆድ የለውም። ድፍን ነው። ኤሌክትሪኩ ነው የሚያስጮኸው።»

«ያልተፈለፈለ እንጨት ምን ብሎ ይናገራል? ደሞስ መብራት ሲጠፋ?»

«ጋሼ፣ ይኼ የዘመን ዕቃ ነው። ድፍን ይሁን። ድፍን!»

ፓኮውን ኪሳቸው ከተቱት። «እሺ» አሉ።

ሚያዝያ ላይ ልወስደው ሄድኩ። በሰም ታሽቶ የጠይም ሴት ትከሻ መስሏል። ሳነሳው እንደፈራሁት አልከበደኝም፤ ደስ አለኝ። «ክሩን እዚሁ ወጥርበትና ድምፁን ልስማው» አሉኝ። ጎረቤላ ከተማ ላይ መኪናው እየጠበቀኝ ነው። «እዚህ መብራት የለም ጋሼ፤ ያለ መብራት ድዳ ነው» ብዬ ጉልበታቸውን ስሜ ሮጥኩ። እስከ ደጅ ሸኙኝ፤ ፈገግ ብለው ነበር። ክሩን ቤቴ ስወጥር ያለ መብራትም ጮክ ብሎ ተሰማኝ፤ እኔ ሞኙ የጣቴ ብርታት መስሎኝ ኮራሁ።

የፈተናው ቅዳሜ ደረሰ። ከሰዓት በኋላ ነው፤ ቡና ቤቱ ጢም ብሏል። ሽቦውን ሰካሁ። ገና ጣቴን ሳላሳርፍ ጊታሩ ጅብ እንደ ነከሳት አህያ ጮኸ። ባጠፋው ዝም፣ ባበራው እሪ! ሰው ጆሮውን ይዞ ሳቀ። ባለ ቡና ቤቱ «ወንድሜ፣ ሙዚቃ ነው ያልኩህ እንጂ መርዶ አላልኩህም» አለኝ። ቦታዬን በሳምንቱ አንድ ያዲስ አበባ ልጅ ድፍን ጊታር ይዞ መጥቶ ተቀመጠበት።

ማግኔቷን ፈትቼ በቀዳዳው ክብሪት ለኩሼ አየሁ። ተፈልፍሏል! ውስጡ እንደ እንቁላል ቅርፊት ለስልሶ፣ ስስ ክዳን ተገጥሞበት፤ መጋጠሚያውን ዓይን አያገኘውም። ከማጉያው የሚወጣው ድምፅ ያን ሆድ እያንቀጠቀጠ ተመልሶ በማጉያው ይገባል፤ እሪታው ከዚያ ነበር። ወደ አንኮበር ለሚወርድ በቅሎ ነጂ መልእክት ሰጠሁት። «ለጋሼ ዘውዴ ንገርልኝ። እንጨቱን አይደለም፣ ዕድሜዬን ነው የፈለፈሉት በላቸው።» ዓረፍተ ነገሩ አማረኝና ሁለት ጊዜ አስደገምኩት።

ከዚያ ክረምቱ ገባ። እኔ አሰብ ስመላለስ ከረምኩ። መስከረም ሲጠባ ጊታሩን በጋቢ ጠቅልዬ ወደ አንኮበር ወረድኩ፤ እፊታቸው ልወረውርላቸው ነው። መንገዱን ሁሉ የምናገረውን ስሰነዝር፣ ስመልስ ሄድኩ።

ደጃፋቸው ላይ ዳስ ተጥሏል። የጋሼ ዘውዴ ተዝካር ነበር፤ አርባቸው። መርዶ ነጋሪው ሁለት ጊዜ ደብረ ብርሃን መጥቶ አጥቶኝ ተመልሷል።

ስንዝር ያህል አልተራመድኩም። ባለቤታቸው እትዬ በላይነሽ አይተውኝ መጡ። አልቅሰን ስናበቃ ጋቢውን በእጃቸው ዳሰሱት።

«እሱ ነው?»

«አዎ፣ እትዬ።»

«ጋሼህ መንገደኛ ባለፈ ቁጥር 'ድምፁን ሰምታችኋል ወይ?' እያሉ ሲጠይቁ ነበር። በል ንካው፣ እኔ ልስማላቸው።»

አንድ ቄስ ቀና አሉ። «ኧረ እመት በላይነሽ፣ በተዝካር ዘፈን?»

«ዘፈን አላልኩም፣ አባ። የእጃቸውን ሥራ ነው የምሰማው።»

ጊታሩን ከጋቢው አወጣሁት። ወፍራሙን ክር አንድ ጊዜ ብቻ ነካሁ። ሽቦ የለ፣ መብራት የለ። ዝግ ያለ፣ የበገና የሚመስል ድምፅ ከዋንዛው ሆድ ወጥቶ ዳሱን ዞረው፤ ከወዲያ ጫፍ የተቀመጡት ሳይቀሩ ዞር አሉ። ቄሱ ጭራቸውን ጉልበታቸው ላይ አኖሩ። እትዬ በላይነሽ በነጠላቸው ጫፍ አፋቸውን ያዙ።

«ያ በቅሎ ነጂ ቃልህን አድርሶ ነበር» አሉኝ ቆይተው። ምነው መሬት ብትከፈት! «ተነሱና ለበገናቸው የቀረውን ግማሽ ዋንዛ ከምድጃው አወረዱት። ታመው እስኪተኙ ድረስ እሱ ላይ ነበሩ።»

ወደ ሥራ ቤቱ ወሰዱኝ። ያ የሲጋራ ፓኮ ግድግዳው ላይ በእሾህ ተሰክቷል። ከሥሩ ሁለተኛ ጊታር ተጋድሟል፤ አንድ ጎኑ ለስልሷል፣ ሌላው ገና መጥረቢያ እንደነካው ነው። ሞረዱ እላዩ ላይ ነው። አነሳሁት፤ ከበደኝ። እንደሳቸው በጣቴ አንጓ ቆርቆር አድርጌ ጆሮዬን አስጠጋሁ።

ድፍን ነው። ከዳር እስከ ዳር ድፍን።

ዛሬ ሁለቱም ግድግዳዬ ላይ ናቸው። ድፍኑን አናጢ ሁሉ «ልጨርስልህ» ይለኛል፤ እኔም ለሁሉም «እሺ» እላለሁ፤ አልሰጥም። ባለ ሆዱን መብራት ሲጠፋ አወርደዋለሁ፤ ደብረ ብርሃን ላይ ደግሞ መብራት መጥፋቱን አይረሳም። ጋሼ ዘውዴ መጀመሪያ «እሺ» ብለው የራሳቸውን ሠሩ። በመጨረሻው ደግሞ፣ እሺም ሳይሉኝ፣ የእኔን ሲሠሩ ሞቱ።