የቅንጬው አባት

እንደ እኛ ጎንደሬ ዘር መጠየቅ የሚወድ ሰው አይታችሁ ታውቃላችሁ? የነገሥታት ከተማ ነውና ሁላችንም በአንድ ወገን ንጉሥ እንቆጥራለን። እኔ ግን የቁርሱ ዘር እስከ ሰባት ቤት ካልተቆጠረለት የማይጎርስ ሰው አውቃለሁ።

እሳቸውም አያ ይመር፣ የሟች ባሌ ታላቅ ወንድም ናቸው። ከቀብሩ ወዲህ እህል አልቀምስ ብለው ከሱ። ሁለተኛ ሐዘን ልቀመጥ ነው ብዬ ፈራሁ። ፍስክ ነበርና አንድ ማለዳ የአጃ ክክ በወተት እስኪለሰልስ አበሰልኩና የበሰለ ኮክ ከትፌ ጨምሬ አቀረብኩላቸው።

«ይህ ደግሞ የማን ዘር ነው?» አሉ።

«በእናቱ የላማችን ወተት ነው። ኮኩም የቀሐ ወንዝ ዳር ባላባት ነው።»

«አባቱስ?»

«አጃ ነው፣ አያ።»

«የበቅሎ ቀለብ! ለእኔ?»

«በቅሎስ አባትሽ ማነው ቢሏት እናቴ ፈረስ ናት አለች። እርስዎም በእናቱ ይብሉት።»

ሳቅ አመለጣቸው። በሳቁ መሐል አንድ ማንኪያ ጎረሱ።

«ወንድሜ ይህን ይበላ ነበር?»

«በየማለዳው።»

«ምነው ሳይነግረኝ?»

«ዘሩን እንዳይጠይቁት ፈርቶ ነዋ!»

አያ ይመር ጠርገው በሉና ሳህኑን ዘረጉልኝ።

«እሱ ከበላው ዘመድ ነው፤ ጨምሪ።»