ስለ አንድ አውራ ጣትና ስለ አንድ ባልዲ ማር

መስከረም አንድ ቀን፣ ከንጋቱ አንድ ሰዓት ላይ፣ ሚዛን ተፈሪ ዝናብ ይዘንብ ነበር። ይህን የምጽፈው ለወጉ ማሳመሪያ ነው እንጂ ሚዛን ላይ ዝናብ ወሬ አይሆንም፤ ወሬ የሚሆነው ሲያባራ ነው። ሌላው አገር «ክረምቱ ወጣ፣ ምድር አሸበረቀች» እያለ በሚደሰትበት በዚያ ማለዳ፣ የእኛ ሰማይ የዘመን መለወጫው ደብዳቤ ያልደረሰው ይመስል የሐምሌ ሥራውን ያለ ሐፍረት ቀጥሎ ነበር። ልጃገረዶቹ በአንድ እጃቸው አበባ፣ በሌላው የጎደሬ ቅጠል ጃንጥላ ይዘው እየዘፈኑ ከደጅ ደጅ ይዞራሉ። ወንዶቹ የሚያድሏቸው የመላእክት ሥዕሎች ውሃ ገብቷቸው ቀለማቸው ስለተደበላለቀ፣ የትኛው ቅዱስ ሚካኤል የትኛው ሰይጣን እንደሆነ ለማወቅ ሠዓሊውን መጠየቅ ግድ ነበር።

በዓል ምንድን ነው? በእኔ ግምት በዓል ማለት ሐኪም የከለከለው ሁሉ ምሕረት የሚያገኝበት ቀን ነው። ቅቤው፣ ጨዉ፣ ጠጁ «ለዛሬ ብቻ» በምትል አጭር ዐዋጅ ከእስር ይፈታሉ። ለልጆች ምሕረቱ የሚወርደው በከረሜላ መልክ ነው። ድሮ ለዘፈኑ ልጆች የሚሰጠው ዳቦ ነበር ይባላል፤ ስለ ድሮ ሲወራ መቼስ ዳቦ አይጠፋም። ከረሜላ ዙፋኑን ከዳቦ የነጠቀው በባለሱቆች ድጋፍ ይመስለኛል። ባለሱቅ የሚመልሰው ሳንቲም ሲያጣ መዳፍዎ ላይ አንዲት ከረሜላ ጣል አድርጎ ወደ ቀጣዩ ደንበኛ ይዞራል። የአገር መገበያያ እስከ መሆን የደረሰ ነገር የበዓል ስጦታ ቢሆን ምን ይገርማል?

ቤት ያከራዩኝ ጋሽ ዘርጋው የዚህ የከረሜላ መንግሥት ታማኝ አገልጋይ ነበሩ። በወጣትነታቸው ከጉራጌ አገር መጥተው፣ ሚዛን ላይ ሱቅ ከፍተው፣ ልጅና የልጅ ልጅ አይተዋል። በሱቃቸው መስኮት ላይ በከረሜላ የተሞሉ ሦስት ትላልቅ ጠርሙሶች ተደርድረዋል። ለደንበኛ አንድ ሲሰጡ ለራሳቸው አንድ መጉረስ የዘመናት ልማዳቸው ነበርና፣ በመጨረሻ ሆስፒታል ሄደው ሲመረመሩ ስኳር በሽታ እንዳለባቸው ተነገራቸው። ይህም ባልከፋ፤ በነሐሴ ለመስቀል ጉዞ የገዙት አዲስ ጫማ የቀኝ እግራቸውን አውራ ጣት ላጠው። የምስር ፍሬ የምታህል ቁስል ነበረች። የሆስፒታሉ ሲስተር ቁስሏን እያጠበች፣ ጣፋጭ የሚባል ነገር እንዳይቀምሱ፣ ከቀመሱ ግን ጣቱ ሊቆረጥ እንደሚችል አስጠነቀቀቻቸው።

ጋሽ ዘርጋው ጣታቸውን የሚፈልጉት ለመስቀል ነበር። ለጉራጌ ሰው መስቀልን አገር ቤት ገብቶ አለማክበር ምን ማለት እንደሆነ ላልገባው ማስረዳት አይቻልም። እሳቸው በሱቁ ሥራ ተይዘው ሁለት ዓመት ቀርተዋል። በዚህ ዓመት ግን አልጋ ላይ የዋሉት ታላቅ ወንድማቸው «ሳልሞት ዓይንህን ልየው» ብለው ልከውባቸዋል። ስለዚህ ጋሽ ዘርጋው ከረሜላን እርግፍ አድርገው ተዉ። ጠዋት ጠዋት ጣታቸውን እያዩ «አይዞህ፣ አብረን እንገባለን» ሲሉት እሰማ ነበር።

እኔ ደግሞ በሥነ ጽሑፍ ተመርቄ በአንድ የከተማው ትምህርት ቤት አማርኛ የማስተምር የሃያ አራት ዓመት ጎልማሳ ነበርኩ። ሥነ ጽሑፍ የተማረ ሰው አንድ ደዌ አለበት፤ አምሮ የተነገረ ነገር ሁሉ እውነት ይመስለዋል። የትምህርት ቤታችን የጤና ክበብ ለትምህርት መክፈቻ «ከረሜላና ልጆቻችን» የሚል ንግግር እንዲዘጋጅ ሲወስን የመረጠው እኔን ነበር። የባዮሎጂ መምህሩ ጉዳዩን ያውቁታል፤ ነገር ግን ድምፃቸው አያምርም ተባለ። እነሆ፣ የእውቀትና የድምፅ ፉክክር በአገራችን ዘወትር በማን አሸናፊነት እንደሚያልቅ ያየሁት ያኔ ነው፤ አሸናፊው እኔ ስለነበርኩ ግን ምንም ስሕተት አልታየኝም።

ንግግሬን ልሞክረው የወሰንኩት በዚያው በእንቁጣጣሽ ማለዳ ነው። ከማሻ የመጣ ባልደረባዬ አንድ ባልዲ የጫካ ማር አምጥቶልኝ ነበር። የጋሽ ዘርጋውን ባለቤት እትዬ አስካለን አስፈቅጄ፣ ለዘፋኞቹ ከከረሜላ ይልቅ ማር የተቀባ ዳቦ እንዲታደል አደረግሁ። ልጆቹ ዘፍነው እንዳበቁ በረንዳው ላይ ቆሜ ወረቀቴን ዘረጋሁ። ከረሜላ ከብረት ማሕፀን የተወለደ፣ አባቱም እናቱም የማይታወቅ የምላስ ወንበዴ መሆኑን አበሰርኩ። ማር ግን ሺህ አበቦች የመከሩበት፣ ንብ በክንፏ ያጸደቀችው የደን ቃል ኪዳን ነው፤ ደዌ ማር ካለበት ቤት ደጅ ላይ ጫማውን አውልቆ ይመለሳል አልኩ። ይህቺን የጫማ ዐረፍተ ነገር ለመጻፍ አንድ ሙሉ ከሰዓት ፈጅቶብኛል። አንዱ ልጅ ከጎደሬው ቅጠል ሥር ሆኖ «ቲቸር፣ በረደን እኮ!» አለ። ሌላው «ዝም በል፣ ሲጨርስ ዳቦ አለ» ብሎ በክርኑ ጎሰመው።

ያኔ የጋሽ ዘርጋው የልጅ ልጅ፣ የሰባት ዓመቷ ትርሲት እጇን አወጣች። «ቲቸር፣ ማርም እኮ ይጣፍጣል። አባባ ደግሞ ጣፋጭ ተከልክሏል» አለች።

ይህ ጥያቄ የዚያን ማለዳ ብቸኛው ሳይንስ ነበር። እኔም በሚገባ አፈንኩት። ጣፋጭነት ሁለት ዓይነት እንደሆነ፣ አንደኛው የሚያታልል ሁለተኛው የሚያክም መሆኑን በተረጋጋ ድምፅ አስረዳሁ። ልጆቹ ምንም አልገባቸውም፤ ከመስኮቱ ጀርባ ግን ጭብጨባ ተሰማ። የሚያጨበጭቡት እግራቸውን የለስላሳ ሣጥን ላይ ሰቅለው የተቀመጡት ጋሽ ዘርጋው ነበሩ። (ልጆቹን በተመለከተ ማታ እንደተረዳሁት፣ ከእኛ የማር ዳቦውን በልተው ከጎረቤት ሁሉ ከረሜላውን ሰብስበዋል። ዘመቻዬ በሰፈሩ የተበላውን ጣፋጭ በግማሽ ባልዲ ጨመረው ማለት ነው።)

ከምሳ በኋላ ጋሽ ዘርጋው አስጠሩኝ። «መምህር፣ ያ ስለ ማር ያልከው ለእኔም ይሆናል?» አሉ። ይሆናል አልኩ። ጣታቸውን አዩና «እርግጠኛ ነህ ልጄ? ነገሩ የጣቴ ነገር ነው» አሉኝ።

አንባቢ ሆይ፣ በአማርኛ «አላውቅም» የምትባል ባለ አምስት ፊደል ቃል አለች። ቅኔ የላትም፣ ዜማ የላትም፣ ነገር ግን አንድ ጣት ታድናለች። እኔ ግን አምስት ፊደል አንሶኝ «ጋሼ፣ ማር ሲሰፍሩ ማር ይናገሩ ሲባል አልሰሙም?» አልኳቸው። ተረቱ ከስኳር በሽታ ጋር ምን ያገናኘዋል? ምንም። ነገር ግን አምሮ ተነገረ። ጋሽ ዘርጋውም ከልባቸው ሳቁና የሐኪም ትእዛዝ እንደተቀበሉ ሁሉ ማንኪያ እንዲመጣላቸው ጠየቁ።

እትዬ አስካለ ማንኪያውን እንደያዙ ቆም አሉ። «ሲስተሯ ጣፋጭ አይቅመሱ አላለችም እንዴ?» አሉ። ጋሽ ዘርጋው ሲስተሯ የከለከለችው ስኳር እንደሆነ አስረዱና «ማር ስኳር ነው? ንብ ፋብሪካ አላት?» ብለው ጠየቁ። «እኔ እንጃ፤ ምላሴ ግን ሁለቱንም አንድ ነው የሚለኝ» አሉ እትዬ አስካለ። «ያንቺ ምላስ ደግሞ የት ዩኒቨርሲቲ ገባ?» አሏቸው። ሦስታችንም ሳቅን። እትዬ አስካለ ግን ከሁላችን ቀድመው መሳቅ አቆሙ።

ከዚያ ወዲያ በቀን ሦስት ማንኪያ ሆነ፤ ጠዋት፣ ቀትርና ከመኝታ በፊት። በሳምንቱ ጋሽ ዘርጋው ውሃ በጆግ ይጠጡ ጀመር። ዝናቡ ነው አሉ፤ ዝናብ ሰውን እንዴት እንደሚያስጠማ ግን አልጠየቅኋቸውም። ጣቱ መጀመሪያ ቀላ፣ ቀጥሎ አበጠ፣ ከዚያ ጠቆረ። በሽታውን የሸሸገ መድኃኒት አይገኝለትም ይባላል፤ እሳቸው ግን ጣታቸውን ከሚስታቸው በካልሲ፣ ከሲስተሯ በቀጠሮ መቅረት፣ ከራሳቸው ደግሞ በእኔ ንግግር ሸሸጉት። «ቁስል ሊድን ሲል ይጠቁራል» ይሉ ነበር። የአውቶቡሱ ቲኬት ተቆርጧል፣ ለወንድማቸው የተገዛው ጋቢ ሻንጣ ውስጥ ገብቷል፤ ጣት የመታመም መብት አልነበረውም። በዚያው ሰሞን እኔ ንግግሬን በትምህርት መክፈቻው ሰልፍ ላይ አነበብኩት። ርእሰ መምህሩ የጫማዋን ዐረፍተ ነገር ሲሰሙ እንባቸውን በመሐረብ ጠረጉ።

ጉዞው ሦስት ቀን ሲቀረው ጋሽ ዘርጋው ሱቁ ውስጥ ራሳቸውን ስተው ወደቁ። በባጃጅ ሆስፒታል አደረስናቸው። ነቃ ሲሉ ሲስተሯ ካልሲውን አውልቃ የጠቆረውን ጣት አገላብጣ አየችው። ከዚያ ምን ሲበሉ እንደሰነበቱ ጠየቀቻቸው። ጋሽ ዘርጋው በኩራት፣ ከረሜላ በዞረበት እንዳልዞሩ፣ ሻይ እንኳ ያለ ስኳር እንደጠጡ፣ ከማር በቀር ጣፋጭ የሚባል በአፋቸው እንዳልዞረ ተናገሩ።

«ማር?» አለች።

«የጫካ ማር ነው እንጂ!» አሉና፣ ወደ እኔ ዞረው «መምህር፣ እስቲ እንደዚያ ዕለት አሳምረህ ንገራት፤ እኔ አላውቅበትም» አሉኝ።

እኔም ጎንበስ ብዬ ካልሲውን ከወለሉ አነሳሁ። ሲስተሯ ወደ እኔ ተመለከተች፤ አልተቆጣችም፤ ብትቆጣኝ ይሻለኝ ነበር። «ወንድሜ፣ ቁስል ስኳሩ የንብ ነው የፋብሪካ ነው ብሎ አይጠይቅም» አለችኝና ሐኪሙን ልትጠራ ወጣች። ትርሲት ከአያቷ አልጋ ሥር ቆማ ታየኝ ነበር። «ብዬህ ነበር» አላለችም። የሰባት ዓመት ልጅ ናት፤ ገና አሳምሮ መናገር አልተማረችም።

አውቶቡሱ በቀኑ ሄደ። ጋቢውን በሌላ ተጓዥ እጅ ላክነው። እኔ በወሩ መጨረሻ «ለልጆቻችን ጤና ስላበረከተው ድንቅ ንግግር» የሚል ባለ ማኅተም የምስጋና ወረቀት ከጤና ክበቡ ተቀበልኩ፤ ያጨበጨቡልኝም ብዙ ነበሩ፤ የባዮሎጂ መምህሩ ብቻ እጃቸውን ኪሳቸው ውስጥ እንደከተቱ ቆመው ነበር።

ጋሽ ዘርጋው የቀኝ እግራቸውን አውራ ጣት አጡ። ወንድማቸው በጥቅምት ዐረፉ፤ ሳይተያዩ ቀሩ።