ሹም የማይወደው ጎረቤቴ

ሹም የሚባል ነገር ጨርሶ የማይወድ ሰው ገጥሟችሁ ያውቃል? ቀበና ወንዝ ማዶ የሚኖረው ጎረቤቴ ደበሌ እንዲህ ነው። «ኬላው ይነሣ፣ ግብሩ ይቅር፤ ሰው በአጥሩ ውስጥ የራሱ ጌታ ነው» ይላል። ነገሩ ይገባኛል። የኬላ ጠባቂ የኔንም ቅቤ ስንት ጊዜ ቀንሶብኛል!

ታዲያ ከደበሌ በቀር የሰፈሩ ወንዶች በዘመቱበት ሰሞን የጎረቤታችን የመበለቷ የዘነበች ሴት ልጅ ወለደች። አራሷ ደክማለች፤ ከዶሮ መረቅ በቀር የሚወርድላት ጠፋ። ዶሮ ማረድ በወጉ የወንድ ሥራ ነውና ዘነበች ዶሮዋን ይዛ ደበሌ ደጅ ሄደች።

«እባክህ ወንድሜ፣ እረድልኝ።»

«እኔን ማንም አያዝዘኝም!» ብሎ መለሳት።

ምን ታድርግ? ራሷ አረደችው። ገና ላባውን ሳትነጭ ደበሌ ሰማና እንደ ከሳሽና ተከሳሽ ልማድ ጋቢውን ከነጠላዋ ጋር ቋጥሮ ወደ እንጦጦ ዳኛ ይጎትታት ጀመር። እኔም ተከተልኳቸው።

«በገዛ አጥሯ ውስጥ አይደለም እንዴ ያረደችው?» አልኩት።

«አይ እመይቴ፣ ያ ሌላ ነው! ወግ ፈረሰ እኮ!»

መንገድ ላይ አንድ ሽማግሌ ሲያገኝ «በንጉሡ አምላክ፣ ይፍረዱን!» ብሎ አቆማቸው።

በንጉሥ ስም የተጠራ መንገደኛ ዳኛ ነውና፣ ሽማግሌው ዱላቸውን ተደግፈው የሁለቱንም ሰሙ። «መልካም፣ ወጉ ይከበር» አሉ። «ከእንግዲህ ስትጠራህ ሄደህ የምታርድላት አንተ ነህ።»

«ማን አዞኝ?»

«አንተው የጠራኸኝ ዳኛ!»

ዘነበች ቋጠሮውን ፈትታ ወደ ልጇ ቁልቁል ሮጠች። እኔ እያዘገምኩ አሰብኩ። መታዘዝ የሚጠላ ሰው ሞልቷል፤ ማዘዝንም አብሮ የሚጠላ ቢገኝ፣ እሱን ነበር መሾም።