ሶርያን ልብስ ማጠቢያው ላይ ያስቀመጡት ሊቅ

ቶሮንቶ ውስጥ ሐበሻ የሚያከራየው ቤዝመንት ሁሉ የማያልቅ መጽሐፍ የሚጽፍ አንድ ሊቅ አያጣም። ኢስት ዮርክ ለሚኖሩት ለወይዘሮ ኤልፍነሽ የደረሷቸው ክቡር ሊቅ ሙሉነህ ናቸው።

ሊቁ፣ የዓረብ አገሮች ከቅኝ ግዛት ሲላቀቁ «እኛ ማን ነን?» ለሚለው ጥያቄ ምን መልስ እንደሰጡ ሲያጠኑ ሰባተኛ ዓመታቸው ነው። አልጄሪያ ሦስት ካርቶን ናት፤ ግብፅ አራት። ሶርያ ልብስ ማጠቢያው ላይ ስለተቀመጠች ወይዘሮ ኤልፍነሽ አንሶላ ማጠብ ሲፈልጉ «ሙሉነህ፣ ሶርያን አንሣልኝ!» ብለው ይጣራሉ።

ሊቁ ምንም ቢጠየቁ መልሳቸው አንድ ነው። በሑዳዴ ወይዘሮ ኤልፍነሽ ፍሪጁ ላይ ፕላስተር ለጥፈው ከላይ የጾም፣ ከታች የፍስክ ብለው ቢለዩ፣ ሊቁ ቅቤያቸውን እንደያዙ ቆመው ቀሩ።

«እትዬ፣ ይህን ድንበር ሲያሰምሩ ነዋሪውን አማክረዋል?»

«የቱን ነዋሪ? ሽሮውን?»

«ጥያቄው እሱ አይደለም።»

በፈረንጆች 1994 ወይዘሮ ኤልፍነሽ ለዜግነት ቃለ መጠይቅ ተጠሩ። ሮም የምትኖረው ልጃቸው ራኬብ ልትወልድ አምስት ወር ቀርቷታል፤ እናቷ ፓስፖርት ካላገኙ የአራስ ገንፎ የሚያገነፋላት የለም። ከሊቁ በቀር አስተርጓሚ አልተገኘም።

«የሚሉትን ብቻ አስተርጉም። ምንም እንዳትጨምር፣ በማርያም!»

«አንዲት ቃል አልጨምርም፣ እትዬ።»

ቃለ መጠይቁን የሚያደርጉት የዜግነት ዳኛዋ ካናዳ መቼ እንደተመሠረተች ጠየቁ። ወይዘሮ ኤልፍነሽ ገብቷቸው አፋቸውን ሲከፍቱ ሊቁ ቀደሟቸው።

«ክብርት ዳኛ፣ ጥያቄው እሱ አይደለም። ማን መሠረታት? ለማን?»

ከዚያ ካይሮ ሄዱ፤ ከካይሮ አልጀርስ። ዳኛዋ ሰዓታቸውን ሲያዩ ሊቁ ገና ቱኒዝ መግባታቸው ነበር። ወይዘሮ ኤልፍነሽ የሊቁን ኮት ጫፍ ጎተቱና በተሰባበረች እንግሊዝኛቸው ዓመተ ምሕረቱን፣ ዋና ከተማዋን፣ ሁለቱንም ቋንቋዎች ባንድ ትንፋሽ አወረዱት።

ዳኛዋ ብዕር አነሡ። ሳይፈርሙ ግን ሊቁን በመነጽራቸው አናት አዩዋቸው።

«ወይዘሮ፣ ይህ ሰው ምንዎ ነው?»

ወይዘሮ ኤልፍነሽ ደነገጡ። «ተከራይ ነው፣ ብዙም አላውቀው» ቢሉስ? ወረቀቱ አልተፈረመም፤ ሮም ሩቅ ናት። ዞር ብለው ሙሉነህን አዩት። አንገቱን ደፍቷል፤ የሸሚዙ ቁልፍ ተዛንፏል። አምና በረዶ አንሸራቷቸው እግራቸው ሲሰበር በጀርባው አዝሎ ሆስፒታል ያደረሳቸው እሱ ነው፣ መንገዱን ሙሉ ስለ ሞሮኮ እያወራላቸው።

«ልጄ ነው» አሉ ቀስ ብለው። «ትምህርት በዝቶበት ነው።»

ዳኛዋ አዘኑላቸው መሰል፣ ቶሎ ፈረሙ።