ጀሪካን ይዤ ፊዮርድ ልሄድ ነው

ጎበዝ፣ ዛሬ የደረሰብኝን ብነግራችሁ ግማሻችሁ «ፈጠራ ነው» ትላላችሁ። ሌላው ግማሽ ደግሞ ግቢዬ ውስጥ ነበራችሁ።

እናንተን አይደለም የምነግራችሁ። እናንተማ አይታችኋል።

ለማታውቁኝ፦ ቢቸና ውስጥ ሁለተኛ ደረጃ ጂኦግራፊ አስተምራለሁ። አላገባሁም። ይቺ ሁለተኛዋ ነጥብ በኋላ ታስፈልገናለችና ያዙልኝ።

በየዓመቱ አንድ ቀን ሰሌዳ ላይ ፊዮርድ እሥላለሁ። በጥንት ጊዜ የበረዶ ክምር ተራራውን እንደ ማረሻ ሰንጥቆት፣ ባሕር ገብቶ የሞላው ጥልቅ ሸለቆ ማለት ነው። በነጭ ጠመኔ ሁለት ቀጥ ያሉ ገደሎች፣ መሃሉ ላይ በሰማያዊ ጠመኔ ሞገድ። ሰማያዊ ጠመኔ ከሌለ ሞገዱም ነጭ ይሆናል።

አንድ ጊዜ አንዲት ተማሪ እጇን አውጥታ «ቲቸር፣ እርስዎ አይተውታል?» አለችኝ።

ፊዮርድ ቀርቶ ባሕርስ አይቻለሁ እንዴ? እኔ ያየሁት ትልቁ ውኃ ጣና ነው፤ እሱንም በአውቶቡስ መስኮት።

«ኖት ጻፉ» አልኩና ወደ ሰሌዳው ዞርኩ። ጥያቄዋ ግን ቤት ድረስ ተከተለኝ።

ታናሽ እህቴ የዝና ኖርዌይ ውስጥ በርገን በምትባል የወደብ ከተማ ነው የምትኖረው። ይህን ባጫውታት «ክረምት ትምህርት ሲዘጋ ነይና ያን የምትሥይውን ነገር በዓይንሽ እዪው» አለችኝ። ቪዛው ተጠየቀ፣ ተጠበቀ፣ ወጣ። እልል በሉ!

ከዚያ ወዲህ ኑሮዬ ሁሉ ፕላን ሆነ። ከበርገን በባቡር ወደ ተራራው፣ ከተራራው ወርዶ ወደ ጀልባ፣ በጀልባ በገደሎቹ መሃል ለመሃል። የዝና የላከችልኝን ስክሪንሾት እያየሁ ፈተና ሳርም የአንዱን ተማሪ ውጤት ለሌላው ሞልቼዋለሁ። (ወላጆች አትደውሉ፣ አስተካክያለሁ።) ጀልባው ላይ በየት በኩል ብቀመጥ ፏፏቴው በደንብ እንደሚታየኝ ሳይቀር አጥንቻለሁ። በግራ በኩል ነው።

ያላጠናሁት እናቴን ነው።

እናቴ ሞጣ ነው ያለችው። ባለፈው ልሰናበታት ሄጄ ፊዮርድ ምን እንደሆነ ላስረዳት ተነሳሁ። ማስረዳት እኮ እንጀራዬ ነው፤ ምን ይቸግረኛል ብዬ።

«በሁለት ወገን ገደል ነው እማዬ። ውኃው ከገደሉ አናት ቁልቁል ይወርዳል።»

«ይወርዳል?»

«ይወርዳል። ሰው ከዓለም ዙሪያ ይመጣል። ብርድ ነው፣ ዝናብ ነው አይልም።»

እናቴ ነጠላዋን አስተካክላ ተቀመጠች። «ምን ምኑን ይፈውሳል?»

ነገሩ የተበላሸው እዚህ ላይ ነው። እኔ የቀለድኩ መስሎኝ «ጭንቀት ነዋ!» አልኩና ሳቅሁ።

እሷ አልሳቀችም። «ተመስገን፣ እሺ አልሽልኝ» አለችና ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ዞራ አማተበች። እኔ ጅሏ ደግሞ ሽርሽሬ እንዲህ ደስ ካሰኛት ብዬ፣ ቢቸና እስክደርስ አውቶቡስ ውስጥ ብቻዬን ፈገግ እያልኩ መጣሁ።

ነገ ልነሳ ነው። ዛሬ የተማሪ ካርድ አድለን ጨርሰን ወደ ቤት ስመለስ የተከራየሁበት ግቢ ሰው ሞልቶታል። እናቴ አለች። አክስቴ አለምነሽ አለች። የሞጣ ዘመድ፣ የቢቸና ጎረቤት፣ አከራዬ፣ ምን የቀረ አለ፣ የዲፓርትመንት ሄዳችን እንኳ እኔን ቀድሞ ደርሷል። አግዳሚ ወንበር ከየቤቱ ተለቃቅሞ መጥቷል። መሃል ላይ የእናቴ ንስሐ አባት መምሬ ይትባረክ መስቀላቸውን ይዘው ተቀምጠዋል።

ሽኝት ነው ብዬ እንባዬ መጣ። ሰው ለካ እንዲህ ይወደኛል?

ከዚያ ግድግዳው ሥር የተደረደረውን አየሁ።

ጀሪካን።

ቢጫ ጀሪካን፣ የዘይት ጀሪካን፣ የውኃ ፕላስቲክ፣ ምኑ ቅጡ። እንዳይለዋወጥ በየአንገቱ ላይ በፕላስተር የባለቤቱ ስም ተለጥፎበታል። የዲፓርትመንት ሄዳችንም ስም አለ። እሱ እንኳ ይሉኝታ ይዞት ትንሿን ነው ያመጣው።

አክስቴ አለምነሽ ጆሮዬ ሥር ገባች። «አይዞሽ የኔ ልጅ። ዓይነ ጥላ ማንን ያልያዘ አለ? ያቺ የጎረቤታችን ልጅ እኮ ጠበል ገብታ ለቀቃትና ይኸው አግብታ ወለደች።»

ዓይነ ጥላ!

ለማያውቅ፣ ዓይነ ጥላ ማለት የሰው ዕድል የሚዘጋ፣ የመጣን ትዳር ከደጅ የሚመልስ መንፈስ ነው። ያዙልኝ ያልኳችሁን ነጥብ አሁን አምጡት። ለካ ያ ቀልዴ ከሞጣ ተነስቶ እኔን ቀድሞ ቢቸና ገብቷል። አገሩ የተሰበሰበው ሽርሽር ሊሸኘኝ አይደለም። ዓይነ ጥላዬን ባሕር ማዶ ባለ ጠበል ላስለቅቅ እሺ በማለቴ ደስ ብሎት ነው። ጀሪካኑም ጠበሉ እንዲቀዳበት ነው።

መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ምን ነበረበት?

አልዋሻችሁም፣ ዝም ብዬ ልቀበል አስቤ ነበር። ምርቃቴን ተቀብዬ፣ ጀሪካኑን አከራዬ ጓዳ ከትቼ ውልቅ ማለት። ማን ያውቃል?

ግን እናቴን አየኋት። እንደዚያ ፊቷ ፈክቶ ካየኋት ብዙ ዘመን ሆኖኛል። ደስ ያለውን ፊቷን አይቼ ተናደድኩ፤ በእሷ ይሁን በራሴ አላውቅም። ያገባች ሴት ባሏ ዘንድ ትሄዳለች፣ ሥራ ያጣች ዓረብ አገር ትሄዳለች፣ የታመመች ጠበል ትሄዳለች። አንዲት ደህና ሴት አንድ ነገር ለማየት ብቻ ብትሄድስ?

መምሬ ይትባረክ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «ልጄ፣ ለጸሎቱ እንዲያመቸኝ ነው። ጠበሉ በማን ስም የፈለቀ ነው?»

ግቢው ሁሉ ወደ እኔ ዞረ።

«በሚካኤል መሰለኝ» አለች አክስቴ። ከየት እንዳመጣችው እሷው ትጠየቅ።

«መምሬ፣ ጠበል አይደለም» አልኩ። ድምፄ ከጠበቅሁት በላይ ጮኸ። «ሽርሽር ነው። በጀልባ እየሄድኩ ገደል ለማየት ነው።»

«ገደል ለማየት?» አሉ መምሬ።

«ገደልማ እዚሁ ጉንደ ወይን ከተማ አጠገብም ሞልቷል» አለ አንዱ ከኋላ። ሰው ሳቀ። እኔ ላይ።

አስተማሪነቴ እዚህ ላይ ነው የደረሰልኝ። «ደጀን ቆማችሁ ዓባይ በረሃን ታዩት የለ?» አልኳቸው። «ያን ሸለቆ ባሕር ከሥር መጥቶ ቢሞላው፣ መርከብ በመሃሉ ቢሄድበት፣ ከግራ ከቀኝ ፏፏቴ ቢወርድበት፣ ፊዮርድ ማለት እሱ ነው።»

ሳቁ ቆመ። ያስተማርኩት ክፍል ሁሉ እንደዚያ ቶሎ ገብቶት አያውቅም። ዓባይ በረሃን የማያውቅ የለማ፤ በአውቶቡስ ሲወርደው ጆሮው ያልተደፈነ ማን አለ? አከራዬ ዓይኗን ጨፍና በሐሳቧ ውኃውን ስትሞላው አየኋት።

«ባሕሩ እስከዚያ ድረስ እንዲገባ ማን ፈቀደለት?» አሉ መምሬ። ቀጥለውም «ያም የእሱ ሥራ ነው፤ ማየቱ አይከፋም» ብለው መስቀላቸውን ጉልበታቸው ላይ አኖሩ።

እኔ ግን የማየው እናቴን ነበር። ነጠላዋን አፏ ላይ ይዛለች። ፊቷ ላይ የነበረው ብርሃን ጠፍቷል።

«ታዲያ አልታመምሽም?» አለችኝ።

«አልታመምኩም እማዬ።»

«እኩዮችሽ ሲያገቡ ሲወልዱ ብቻሽን ስትቀመጪ፣ ምንም ሆነሽ አይደለም?»

«ምንም አልሆንኩም። ደህና ነኝ። ሥራዬን እወዳለሁ፣ ቤቴን እወዳለሁ። ይህን ነገር ደግሞ ማየት አምሮኝ ነው።»

«እኔ ታማብኛለች እያልኩ ይህን ያህል ዘመን ሳለቅስ፣ ደህና ነኝ ማለት ምን አቃተሽ?»

እሷ ጠይቃኝ አታውቅም፣ እኔም ነግሬያት አላውቅም። በየበዓሉ ሞጣ ሄጄ የምናወራው ስለ ዝናቡና ስለ ዘመድ ነው። አንገቷ ላይ ተጠምጥሜ ተነፋረቅሁ፤ እዚያው፣ የዲፓርትመንት ሄዳችን ፊት።

እናቴ ፊቴን በነጠላዋ ጠረገችልኝ። ቀና ብላም ለመምሬ እንዲህ አለቻቸው፦ «አባቴ፣ እኔ የተሳልኩት ልጄ ደህና እንድትሆን ነበር። ይኸው ደህና ናት። ስለቴ ሰምሯል። የተሳልኩትን ጃንጥላ ለቤተ ክርስቲያን አስገባለሁ።»

እልልታው ከዚያ በኋላ ነው የመጣው። አክስቴ አለምነሽ መጀመሪያ አኮረፈች፣ ኋላ ግን ከሁሉም በላይ አስነካችው።

ሰው ተመርቆ፣ መርቆ፣ ጀሪካኑን እየለየ ወደየቤቱ ሄደ። የዲፓርትመንት ሄዳችን የራሱን ከኮቱ ሥር ሸሽጎ ወጣ። ነገ ስታገኙት ምንም እንዳታነሱበት።

አሁን ሻንጣዬን እያዘጋጀሁ ነው የምጽፍላችሁ። ጋቢ፣ በሶ፣ ለየዝና በርበሬ። ከመሃላቸው ግን እኔ ያላስገባሁት አንዲት ትንሽ ቢጫ ጀሪካን አገኘሁ።

«እማዬ፣ ይህ ምንድን ነው?»

«ለማንኛውም ነው» አለች አልጋዬ ላይ ጋደም እንዳለች። «ከገደል የሚወርድ ውኃ መቼም ለከንቱ አይወርድም። ለጉልበቴ ነው።»

እንግዲህ ጉዴን ስሙ። ፊዮርድ ባሕር ነው፤ ጨው ነው። በየዓመቱ ፈተና ላይ የማወጣውን ጥያቄ ለእናቴ ለመንገር ወኔ አጣሁ። ጨው የሌለው ከላይ የሚወርደው ፏፏቴው ብቻ ነው። እሱም በግራ በኩል ነው።

በርገን ያላችሁ ካላችሁ ኮመንት ላይ ንገሩኝማ፤ ጀልባው ፏፏቴው ሥር ይጠጋል ወይስ እጄን ዘርግቼ ልቅዳ?

ከቱሪስቶች መሃል ጀሪካን ይዛ ከጀልባ የምትንጠለጠል ሴት በቪዲዮ ካያችሁ ግን አትደንግጡ። ደህና ነኝ።